ጠመንጃ በየትኛው በር ይግባ? የምናብ ጨዋታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የምናብ ጨዋታ ክበብ በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ዘወትር ረቡዕ፣ የከሰዓቱ ትምህርት ካበቃ በኋላ፣ በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል ሲሰበሰብ ቆይቷል። ዓመቱን በ9 አባላት ጀምረን በ14 ፈጽመናል። ክበቡ ምን እንደሚሠራ ዛሬም የሚጠይቁኝ ባልደረቦች ስላሉ ባጭሩ ላስረዳ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ተራኪው በቃል በሚዘረጋላቸው ዓለም ውስጥ ይጓዛሉ፣ ይደራደራሉ፣ ሲያስፈልግም ይዋጋሉ፤ ያሰቡት መሳካቱን ወይም መክሸፉን ዳይስ ይወስናል። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መነሻ የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን የቀረበ ሲሆን፣ ክበባችን የሚጠቀመው የዚሁኑ ጨዋታ አምስተኛ እትም ሕግ ነው። ባለሃያ ፊት ዳይስ ከተማ ውስጥ ፈልገን ስላጣን፣ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸውን የለስላሳ ቆርኪዎች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከቤቷ ባመጣችው ሙዳይ ውስጥ እየጨመርን ዕጣ እናወጣለን። ባለስምንት ፊት ዳይስ ሲያስፈልግ ከ1 እስከ 8 ያሉት ብቻ ይገባሉ፤ የወጣው ቆርኪ ሳይመለስም ሌላ አይወጣም። የሒሳብ መምህር በመሆኔ በዚህ ረገድ ጥብቅ እንደሆንኩ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ።

የዘንድሮው ጨዋታ የተካሄደበትን ዓለም የፈጠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በደጋ ላይ የተቀመጠች፣ በግንብ የታጠረች፣ አምስት በሮች ያሏት ከተማ ናት፤ ከየት እንደተቀዳች ለሐረር ልጅ መንገር አያስፈልግም። ገንዘቧ መሐለቅ ይባላል፤ ሌሊት ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ የሚገቡት ጅቦቿም ከሥጋ ይልቅ ምስጢር ይገዛሉ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ሁሉም ነገር በሰይፍ፣ በጦር፣ በቀስትና በድግምት ሲሄድ ቆየ። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ግን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ በገጸ ባሕርዩ ወረቀት ላይ ከሰይፉ ሥር «አንድ ጠመንጃ» ብሎ ጽፎ መጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ያነጋገረን ጉዳይም ከዚያ ተነሣ።

መጀመሪያ የከለከልኩት እኔ ነኝ። የሰይፍና የድግምት ዓለም ከጠመንጃ በፊት የነበረ ዘመን አምሳያ ስለሆነ፣ ጠመንጃ ሲገባበት ተረቱ ይፈርሳል የሚል ምክንያት አቀረብኩ፤ ምክንያቱም በወቅቱ አጥጋቢ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ከጥቂት ዝምታ በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ታዲያ ኢማም አሕመድ በምን ሞቱ?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

በቀጣዩ ረቡዕ የታሪክ መምህሩ ባልደረባዬ በእንግድነት ተገኝቶ ነገሩን ከሥሩ አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ1541 አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጥ ይዘው ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጡ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በበኩላቸው ከባሕር ማዶ ከኦቶማን ቱርኮች ነፍጥ ያዦችን አስመጥተው፣ በ1542 ወፍላ ላይ ፖርቱጋላውያኑን ድል ካደረጉ በኋላ አብዛኞቹን ቱርኮች አሰናበቱ፤ በ1543 ደግሞ ወይና ደጋ ላይ በጥይት ተመትተው ወደቁ። በዚያው ጦርነት ግን ፈረስም፣ ጥሩርም፣ ጦርም፣ ሰይፍም፣ ቀስትም ነበር። ተማሪዎቻችን ስለዚያ ጦርነት ከየቤታቸው የሰሙት አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ውይይቱ በመሣሪያው ላይ ብቻ እንዲወሰን ቀድሜ አሳስቤ ነበር፤ እነሱም ከጠበቅኩት በላይ አክብረውታል። የአውሮፓውም ታሪክ ቢሆን ለክልከላዬ አልደገፈኝም። መድፍ በአውሮፓ ሥዕል ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1326 ሲሆን፣ የተረት ፈረሰኛ ሁሉ የሚለብሰው ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን የብረት ጥሩር የተሟላው ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እንዲያውም ጥሩር ሠሪዎች በኋላ ዘመን የሥራቸውን ጥንካሬ ለማሳየት የደረት ብረቱን በጥይት ይፈትኑት ነበር። ፈረሰኛውን ፈቅዶ ባለጠመንጃውን መከልከል በዘመን ስሌት አያስኬድም፤ የእኔ ምክንያት እዚህ ላይ አበቃ።

ሁለተኛው ክርክር የኃይል ሚዛንን የሚመለከት ነበር፤ ጠመንጃ ከተፈቀደ ሌላ መሣሪያ የሚይዝ ሰው አይኖርም የሚል ነው። ይህ በቆርኪ የሚፈተን ጉዳይ ስለሆነ በደስታ ተቀበልኩት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለተራኪው በታተመው መጽሐፍ ጠመንጃ በአማራጭ ሕግነት የቀረበ ሲሆን፣ በ2024ቱ እትም ደግሞ ከተራዎቹ የጦር መሣሪያዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። የጉዳቱ መጠን በባለአሥራ ሁለት ፊት ዳይስ ይወሰናል፤ አማካዩ 6.5 ነው። የረጅም ቀስት ጉዳት በባለስምንት ፊት ዳይስ ሆኖ አማካዩ 4.5 ነው። እስከዚህ ድረስ ጠመንጃ ይበልጣል። ነገር ግን ጠመንጃ ጥይት ማጉረስ ስለሚጠይቅ በአንድ ተራ ከአንድ ጊዜ በላይ አይተኮስም፤ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ግን በአንድ ተራ ሁለት ቀስት ይወረውራል፤ ሁለቱም ዒላማቸውን ከመቱ አማካዩ 9 ይሆናል። ቀስቱ ያለ ችግር እስከ 150 ጫማ፣ ማለትም እስከ 45 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ የጠመንጃው ግን 40 ጫማ ነው። ዋጋውም ቀስቱ 50፣ ጠመንጃው 500 የወርቅ ሳንቲም ነው። በዚያ ላይ ድግምተኛው የሚወረውረው የእሳት ኳስ ስምንት ባለስድስት ፊት ዳይስ ያስወረውራል፤ አማካዩ 28 ሲሆን የሚያርፈውም በክልሉ ውስጥ በተገኘው ሁሉ ላይ ነው። ሰሌዳው ላይ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ከጻፍን በኋላ ጠመንጃ ሚዛን ያዛባል ብሎ የሚከራከር አልቀረም። አንዳንዱ ተማሪ አማካይ ምን ማለት እንደሆነ በክፍል ውስጥ ከሰጠሁት ትምህርት ይልቅ በዚያች ረቡዕ የገባው ይመስለኛል።

እውነተኛው ጥያቄ የመጣው ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከአባላቱ አንዷ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ፣ ጨዋታው ውስጥ ጠመንጃ እንዲገባ እንደማትፈልግ ተናገረች። ምክንያቷ የዘመን ወይም የሚዛን ጉዳይ አልነበረም። «እኔ ረቡዕ ረቡዕ እዚህ የምመጣው ያንን ድምፅ ላለመስማት ነው» አለች፤ ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። የእሳት ኳሱ መቶ ሰው ቢያቃጥል ማንንም ያላስጨነቀው፣ አንድ ጠመንጃ ግን ለሳምንታት ያከራከረን ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ድግምተኛን በመንገድ ላይ ያገኘው ተማሪ የለም፤ ጠመንጃን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ጠመንጃ በምናብ ጨዋታ ውስጥ ቦታ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ጥያቄ፣ በዙሪያው የተቀመጡት ልጆች እነማን እንደሆኑ ሳያዩ በመጽሐፍ ብቻ መመለስ አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

ውሳኔያችን እንዲህ ሆነ። ጠመንጃ ይገባል፤ ሆኖም በአፍ ተኩስ ማስመሰልና ጣትን በሰው ላይ መደገን ክልክል ነው። ወንዶቹን ከዚህ ማስለቀቅ ከማናቸውም ሕግ በላይ አድክሞኛል። ማንኛውም አባል፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ አንድ ቆርኪ በጀርባው ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ካኖረ ተራኪው ትዕይንቱን እዚያው አቁሞ ወደ ሌላ ይሻገራል። በሌላ አገር ተጫዋቾች ዘንድ ኤክስ ካርድ የሚባል ተመሳሳይ ልማድ አለ። ልጅቷ በዚህ ተስማምታ ቀጠለች፤ ቆርኪው በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገልብጧል፤ አንዱን የገለበጠችው እሷ አልነበረችም።

ጠመንጃውን የሚይዘው ገጸ ባሕርይ ምን ይባል የሚለውም ቀላል አልነበረም። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በጥሬው ነፍጥ ያዥ ማለት ቢሆንም፣ ዛሬ የተሸከመው ክርክር ለጨዋታ ጠረጴዛ ስለማይመች «ባለጠመንጃ» እንዲባል ወሰንን። በዚህ ላይ ያገዘን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነው። የቀድሞ ወታደር የሆነው ጋሼ በሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለልጆቹ የጥንቶቹን ጠመንጃዎች ስም ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያለ ቆጠረላቸው። በእኛ ፉከራና ሽለላ ውስጥ ጠመንጃ ከጦርና ከጋሻ እኩል ስሙ የሚጠራ፣ ባለቤቱም የሚኮራበት ነገር ነው፤ ጀግንነትን ያፈርሳል የሚለው ሐሳብ ከሌሎች ተረት የተዋስነው እንጂ ከራሳችን የወረስነው አይደለም። ልጆቹ ስለ ውጊያ እንዲያወራቸው ሲጎተጉቱት ግን ጋሼ የነገራቸው ጥይት መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሰለች ብቻ ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ የተወለደው ከዚሁ ከመቁጠር ነገር ነው። በጥር ወር በጁገል ውስጥ የሚገኘውን የራምቦ ቤት ጎበኘን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በሐረር የኖረ ነጋዴ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል፤ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ለምኒልክ መውሰዱን፣ ጉዞው አራት ወር ያህል እንደፈጀበትና ንግዱም እንዳላተረፈው ግን ጥቂቶች ብቻ ያውቁ ነበር። እሱ ሸዋ የደረሰው በ1879 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን በያዙበት ዓመት ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ያ ጠመንጃ ያመጣው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተራኪነቱን ለሦስት ሳምንት ተረክቦ፣ ከባሕር ዳርቻ እስከ ግንቡ በር ድረስ የሚጓዝ የባሩድ ሲራራ ታሪክ አዘጋጀ። ባሩዱ ሲረጥብ፣ ግመል ሲሞት፣ በየኬላው ቀረጥ ሲከፈል፣ ተጫዋቾቹ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ሦስት ረቡዕ ሙሉ በጭንቀት ተቀምጠው አሳለፉ። በዚህ መካከል ባሩድ ከምን እንደሚሠራ የኬሚስትሪ መምህሯን ሊጠይቁ የተነሡ ነበሩ፤ ለጨዋታው የሚያስፈልገን ዋጋው እንጂ አሠራሩ እንዳልሆነ ነግሬ መልሻቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ የራሳችንን ሕግ በመጽሐፉ ላይ ጨመርን። ባለጠመንጃው በቀንድ የሚይዘው ባሩድ ለስድስት ተኩስ ብቻ ይበቃል፤ ሲያልቅ ሲራራው እስኪገባ መጠበቅ አለበት። ዝናብ ከዘነበ ክብሪቱ ስለሚጠፋ መሣሪያው ከዱላ አይሻልም። ከሙዳዩ 1 ቁጥር ከወጣ ይከሽፋል። ድምፁንም በከተማዋ ያለ ዘብና ጅብ ሁሉ ይሰማዋል። ከሁሉም ይህ የመጨረሻው ሕግ ፍሬ አፍርቷል። በግንቦት መጨረሻ በተደረገው የማጠቃለያ ጨዋታ፣ ጓደኞቹ በሌሊት ከበሩ ውጭ ተከብበው ሳለ፣ ባለጠመንጃው በቀንዱ የቀረችውን አንዲት ተኩስ ወደ ሰማይ ተኩሶ የከተማዋን ዘቦች ቀሰቀሰ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ በዕለቱ የዘቦቹን አለቃ ትጫወት ነበር፤ በሩን ያስከፈተችውም እሷ ናት።

ለሚቀጥለው ዓመት ያደሩ ጉዳዮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ሽጉጥም እንዲፈቀድ በአራት አባላት የተፈረመ ማመልከቻ ሲሆን፣ በመስከረም የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይታያል። ሁለተኛው የ13 ቁጥር ቆርኪ መጥፋት ነው። በምትኩ የገባው የሌላ ለስላሳ ቆርኪ ጠርዙ ስለሚሻክር እጃቸው የለመደ ተማሪዎች ሳያዩ ይለዩታል፤ ስለዚህ ከሰኔ ወዲህ የወጡት 13 ቁጥሮች በሙሉ በመዝገባችን ላይ በአጠራጣሪነት ተመዝግበዋል።