የክርስትና ልጅሽ ውሃ ሲጠማት

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? ከጥምቀት ወዲህ ድምፄ የጠፋው ተቀይሜሽ አይደለም። ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር። «የክርስትና ልጄስ?» ማለትሽ አይቀርም፣ እኔ ደግሞ ሳላለቅስ የምመልስበት አቅም አልነበረኝም። አሁን ደህና ናት፤ ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ያዢልኝ።

የያዛት የስኳር በሽታ ነው። ነገሩ የጀመረው በውሃ ጥም ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ውሃ አልበቃት አለ። ጆጉን አጠገቧ አድርጋ ትተኛለች፣ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ትነሳለች። አንድ ቀን በ11 ዓመቷ ፍራሽ አረጠበች። ተቆጣኋት። ያ ቁጣዬ እስከ ዛሬ ሆዴን ይበላኛል። እየበላች ትከሳለች፤ የዩኒፎርሟ ቀሚስ ወገቧ ላይ አልቆም ሲል እኔ «ቁመት እየጨመረች ነው» እላለሁ። ለጥሟ ደግሞ ለስላሳ እገዛላት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ማስመለስና የሆድ ቁርጠት መጣ። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ታይፎይድ ነው ተብለን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ያየላት ሰው አልነበረም። በነጋታው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አተነፋፈሷ ቀሰቀሰኝ። ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው፣ ግን ተኝታ፣ ከጥልቅ እየሳበች ትተነፍሳለች። አፏ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። አስም መሰለኝ። ጎረቤታችን መኪናውን አስነሳልን። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንደርስ ስሟን እየጠራሁ ነበር፤ አንዴ እንኳ አቤት አላለችም።

ድንገተኛ ክፍል ገና እንደገባን ጣቷን ወጓት። መለኪያው ቁጥር አልሰጠም፣ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። ከ600 በላይ ሲሆን እንዲህ እንደሚል ኋላ ነገሩኝ። ጤነኛ ሰው ሳይበላ ሲለካ ከ100 በታች ነው።

በማግስቱ ዶክተሯ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የልጄ የራሷ የሰውነት መከላከያ፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥሮ አጥፍቷቸዋል። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ አይገባም። ጎተራው ሞልቶ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ቤተሰቡ የሚራብበት ቤት በይው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ሊይዘው አይችልም፤ ወደ ሽንት ይፈስና ውሃውን አስከትሎ ይሄዳል። ጥሟም፣ የረጠበው ፍራሽም ከዚያ የመጣ ነው። ሰውነቷ የሚያነደው ቢያጣ የራሱን ስብ ማንደድ ጀመረ። ከስቡ ጉበት ኪቶን የሚባለውን ያወጣል፣ እሱ ሲበዛ ደምን ያኮመጥጣል። የሆድ ቁርጠቱም ከዚሁ ነበር። ያ ያስደነገጠኝ አተነፋፈስ ደግሞ ሳንባዋ ኮምጣጣውን በትንፋሽ ለማቅለል ሲታገል ነው። ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? እኔ ተኝቼ ሳለ ሳንባዋ ብቻውን ሲሟገትላት ማደሩ።

እኔ «ግሉኮስ ስቀሉላት» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። እነሱ የሰቀሉት ሳላይን የሚሉትን የጨው ውሃ ነው፤ መጀመሪያ ያለቀው ውሃ መተካት አለበት። ከዚያ ኢንሱሊን፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ በየሰዓቱ እየተለካ። በልጆች ላይ አንጎል ሊያብጥ ስለሚችል ስኳሩን ቸኩለው አያወርዱትም። ደግሞ ኢንሱሊኑ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከደም ወደ ሴል ስለሚያስገባው፣ እሱ አንሶ ልብ እንዳይዛባ አብረው ይከታተላሉ። የገረመኝ ግን በሁለተኛው ቀን ነው፤ ስኳሯ ሲወርድ ያን የከለከሉኝን ግሉኮስ፣ ስኳር ያለበትን ውሃ፣ ራሳቸው ሰቀሉት። ኮምጣጣው እስኪጠራ ኢንሱሊኑ መቋረጥ የለበትም፤ ስኳሯ ደግሞ ከልክ በታች እንዳይወርድ ነው። በሦስተኛው ቀን «እማ፣ ራበኝ» አለች።

ኢንሱሊን ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1922 በፈረንጆች፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ለ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የታመመ ልጅ አይተርፍም ነበር። ሌሊት ሌሊት ይህን አስባለሁ፤ በቅድመ አያቴ ዘመን ብትወለድስ?

አንዳንዶች «መርፌውን ትተሽ ጸበል ውሰጃት» አሉኝ። ታውቂኛለሽ፣ ጸበል የምንቅ ሰው አይደለሁም። ትጠመቃለች፤ መርፌዋንም አንድ ቀን አታስታጉልም። ኢንሱሊን ማጣት ምን ላይ እንደሚያደርስ በዓይኔ አይቻለሁና በዚህ ከማንም ጋር አልግባባም። ፍሪጅ ስለሌለን ጠርሙሱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ቦርሳዋ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም፤ ስኳሯ ከ70 በታች ወርዶ ላብ ሲያጠምቃትና እጇ ሲንቀጠቀጥ ቶሎ እንድትበላው። አስተማሪዋም ያውቃሉ።

ያንቺ ትንሹ እንዴት ነው? ውሃ ካበዛ፣ ሌሊት ከተመላለሰ፣ እየበላ ከከሳ፣ ታይፎይድ ነው ቢሉሽም ጣቱን ሳያስወጊ እንዳትመለሺ። ቢቆጡሽም፣ ቢሰለቹሽም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቆማ እያነበበች ነው። «ለክርስትና እናቴ አሁን ራሴ እንደምወጋ ጻፊላት፤ ሆዴ ላይ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን» ትላለች። ፋሲካን እኛ ጋ ትውያለሽ ወይ ብላም ትጠይቅሻለች። ለእሷ መልሺላት።

የማትረሳሽ እህትሽ