ቅቤ ቅቤ ስለሚሸተው ፒልስነርና ስላልመጣው ቴክኒሻን

ለቢራ ፋብሪካው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልንን የድራፍት መስመር እጥበት ይመለከታል

ከእናንተ የምንረከበው ፒልስነር ቢራ ከድራፍት ማሽኑ ሲቀዳ ቅቤ ቅቤ እንደሚሸት አመልክተን፣ መስመሩን (ቢራው ከበርሜል እስከ መቅጃው የሚያልፍበትን ቧንቧ) እንደምታጥቡ ቃል ገብታችሁልን ነበር፤ ዝርዝሩን ፋይላችሁ ስለሚያውቀው አንደግመውም። ማክሰኞ ከሰዓት ቴክኒሻን ከነኬሚካሉ ይመጣል ያሉን የሽያጭ ኃላፊያችሁ ናቸው። የመጣው ግን ባዶ በርሜል የሚሰበስብ ሾፌር ነው። ደውለን ስንጠይቃቸው «የጀርመን ፒልስነር ጣዕሙ እንዲህ ነው፤ እናንተ ጠላ ለምዳችሁ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በአክብሮት እንመልስ። የጀርመን ፒልስነር ገለባ መሳይ ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ አረፋው ቶሎ የማይከስም፣ መጨረሻው ደረቅና በሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ በሚሰጠው አበባ) መረር ያለ ነው። ቅቤ አይሸትም። ያ ሽታ ዳይአሲቲል የሚባለው፣ ቅቤ የሚሸት ውህድ ነው፤ ወይ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ቀዝቅዟል፣ ወይ ቧንቧው ውስጥ ባክቴሪያ ተራብቷል። ለመለየት ከአንድ ጥምቅ የወጣ ያልተከፈተ ጠርሙስና ከቧንቧ የተቀዳ ድራፍት፣ ሁለቱንም በ7 ዲግሪ፣ ጎን ለጎን መቅመስ ይበቃል። የጠርሙሱ ንጹሕ ነው። የቧንቧው ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ኮምጠጥም ይላል። ስለዚህ ጠማቂያችሁን አንወቅስም፤ ችግሩ መስመሩ ነው፣ መስመሩን ማጠብ ደግሞ በውላችን የእናንተ ሥራ ነው። የመቅጃውን አፍ ፈትተን ብናየው ውስጡን ቡናማ አተላ ለብሷል፤ ጣት ሲነካው ያሟልጫል።

እጥበቱ መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ በየሁለት ሳምንቱ 2 በመቶ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በመስመሩ ውስጥ ይዘዋወራል፤ መቅጃው ተፈትቶ በብሩሽ ይታሻል፤ ከዚያ ኬሚካሉ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ጠላን ካነሱት አይቀር፣ ጠላ ጠማቂ ጋኗን በግራዋ ሳታጥብ፣ በወይራ ሳታጥን አትጠነስስም።

ይህን ካነሳን፦ የጋዙ መቆጣጠሪያ ጎሚኒ ያፈስሳል፣ ተናግረናል። በርሜሎቹ በጠራራ ፀሐይ ሸራ በሌለው አይሱዙ ተጭነው ይመጣሉ፤ ሙቀት የሆፑን መዓዛ እንደሚገድል ለእናንተ አይነገርም። የመለስነው በርሜል መያዣ ገንዘብም እስካሁን አልተቀነሰልንም።

እስከ ዓርብ ቴክኒሻኑ ይምጣ፣ ሾፌር አይደለም። በቆሸሸው መስመር አልፎ የተደፋው ቢራ በአዲስ በርሜል ይተካ። ኃላፊው ለተናገሩት በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። ይህ ካልሆነ የዚህን ወር ሒሳብ አንከፍልም፤ ማሽናችሁንም ነቅለን በረንዳ ላይ እናወጣዋለን፣ ጉዳዩንም ለንግድ ቢሮ እናቀርባለን።

ከሰላምታ ጋር
የጣና ዳር መዝናኛ የመጠጥ ክፍል

ግልባጭ፦ ለጥራት ቁጥጥር ክፍል (ካለ)