ዩኒቨርሲቲው መጠበቅ ይችላል፣ ሰፈሩ ግን አይችልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ይጻፋል። ስለ አከራይነታቸው ግን ሲነሳ ብዙም አላይም። በብዙ ከተሞች ግቢውን ከበው ያሉት የመንገድ ዳር ሱቆች የዩኒቨርሲቲው ናቸው፣ ከእነሱም መካከል ለዓመታት ተቆልፈው የሚቆዩ አሉ።

ተራ አከራይ ሱቁ ባዶ ሲሆን እንቅልፍ አይወስደውም። የባንክ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ከለጋሾች የተጠራቀመ ገንዘብ አላቸው፣ የሚያቅዱትም ለ20 እና ለ30 ዓመት ነው። ዛሬ ሱቅ የሆነውን ቦታ ነገ ቤተ ሙከራ ወይም የተማሪ ማደሪያ እናደርገዋለን ብለው ይገዙታል፣ እስከዚያው ተከራይ ካስገቡ ደግሞ ግንባታው ሲደርስ ማስለቀቁ ጣጣ ነው፣ ስለዚህ ቆልፎ መተው ይቀላል። ለእነሱ ማለቴ ነው።

ሃርቫርድን እንይ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቦስተን ውስጥ ኦልስተን በሚባል ሰፈር፣ በሌላ ድርጅት በኩል፣ 52 ኤከር ያህል መሬት ቀስ በቀስ ገዛ። ነዋሪው ገዢው ማን እንደሆነ የሰማው በ1997 ነው። ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣና በ2009 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው እዚያ የጀመረው ግዙፍ የሳይንስ ሕንፃ ግንባታ እንዲቆም ተወሰነ። ቦታው ላይ የተሠራው ሕንፃ ለትምህርት የተከፈተው በ2021 ነው። በመሃሉ ነዋሪዎች በተዘጉ ቤቶችና በባዶ ቦታዎች ተማረሩ። የዩኒቨርሲቲው ዕቅድ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ የሰፈሩም ኑሮ አብሮ ተላለፈ።

እስቲ አንድ የተዘጋ ሱቅ ጠጋ ብላችሁ እዩ። መስታወቱ በወረቀት ተሸፍኗል፣ ወረቀቱም ፀሐይ መትቶት ጠርዙ ተልጧል። በበሩ ሥር የገቡት ደብዳቤዎች ተከምረዋል፣ የሚያነሳቸው የለም። ታፔላው ወርዶም ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ይነበባል። ማታ የሱቁ መብራት ስለሌለ ያ ጥግ ይጨልማል፣ ሰውም ወደ ማዶ ይሻገራል። የተሻገረ ሰው አጠገቡ ያለውን ክፍት ሱቅም አያይም። ጎረቤቱ ገበያ ቀዘቀዘብኝ ይላል፣ እሱም ይዘጋል። እንዲህ እያለ ነው መንገዱ የሚሞተው።

«ተከራይ አልተገኘም» የሚለውን መልስ በቀላሉ አልቀበልም። በስንት ኪራይ ነው ያልተገኘው? አንዳንዴ ለግቢው ገጽታ የሚመጥን ስመ ጥር ድርጅት እየተጠበቀ፣ ልብስ ሰፊውና ጫማ ጠጋኙ በር ላይ ይመለሳሉ።

ከተፈለገ ደግሞ ይቻላል። ፊላዴልፊያ ያለው የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጁዲት ሮዲን በመሩት ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004)፣ ከግቢው አጠገብ የመጻሕፍት መደብርና ሱቆች ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከፈተ። በእርግጥ ኪራይ ተወደደ፣ ድሃው ተገፋ የሚል ወቀሳ አለ፣ ወቀሳውም መሰማት አለበት። ቢያንስ ግን አከራዩ መንገዱን ያየ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በባዶ ሱቆች ላይ የሚጣል ግብር በሕዝብ ድምፅ አጸደቀች። በተወሰኑ የንግድ መንገዶች ላይ ሱቁ በዓመት ከ182 ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ወደ መንገዱ ባለው ፊቱ ስፋት ልክ ግብሩ ይከፈላል፣ ባዶነቱ በቀጠለ ቁጥርም መጠኑ ይጨምራል። ይህን ወድጄዋለሁ። ብቻ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው «ለትርፍ የቆምኩ አይደለሁም» ብሎ ማምለጫ ማግኘት የለበትም። የተዘጋ በር ያው የተዘጋ በር ነው፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን።

ግንባታው ገና ከሆነ ሱቁን በአጭር ውልና በቅናሽ ያከራዩ፣ የሚለቀቅበትን ቀን ውሉ ላይ ይጻፉ። ጀማሪ ነጋዴ ሁለት ዓመት እንኳ ቢያገኝ ደንበኛ ያፈራል። የራሳቸው ተማሪዎችስ ቢሠሩበት ምን ይላል?

እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ዩኒቨርሲቲዎቹ የትኞቹ ሱቆች የእነሱ እንደሆኑ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተዘጉና ለምን እንደሚጠብቁ ጠይቁልንና መልሳቸውን አትሙት። መልስ ካልሰጡም ያንኑ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ