የጠቆረ ቢላ ሁሉ አልዛገም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ፣ የጠቆረ ቢላ ዝጓልና በሽቦ ፈትጉት የሚል ምክር አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ዓምዱን እወደዋለሁ፣ ባለቤቴም አታልፈውም። ይቺ ምክር ግን ልክ አይደለችም። ስንት ጥሩ ቢላ ታስጨርሳለች።

አባቴ ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮችን ለሚያዩ እንግዶች በቅሎ ይነዳ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ ሲሰናበተው ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው ሰንጢ ዛሬ እኔ ጋ አለ። ኦፒኔል ነው፣ 8 ቁጥር። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው እንጨት። ይህ ሰንጢ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ በፈረንሳይ ሳቮዋ በሚባል ተራራማ አገር የሚሠራ ነው። አንገቱ ላይ ያለችው፣ ስለቱ ድንገት ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የምትቆልፈው ቀለበት የተጨመረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ታትማለች። በዚያ አካባቢ ያለች አንዲት ከተማ የመጥምቁ ዮሐንስን ጣቶች በካቴድራሏ እንደያዘች ታምናለች፣ እጇም ከዚያ የመጣች ናት። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት፣ በየዓመቱ ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ዳር የሚያድር ሰው ነውና፣ ሰንጢውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ጀመረ።

ሰንጢው እኔ እጅ ሲገባ ጥቁር ነበር። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ጥቁር ብቻ አይደለም። አፉ አካባቢ ግራጫ፣ መሃሉ ላይ ሰማያዊ፣ ጀርባው ጋ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ሰማያዊው ከሥጋ የመጣ ነው። የፋሲካ በግ ታርዶ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ሲቆረጥበት፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ይወጣል። ግራጫው የሎሚና የሽንኩርት ነው። ያ ሁሉ የአባቴ ማዕድ ነው፣ የስንት ዓመት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማይዝግ የምንለው እስቴይንለስ ብረት ከመቶ ቢያንስ 10.5 ያህሉ ክሮሚየም ነው፣ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ካርቦን ስቲል የሚባለው አረብ ብረት ይህ ጋሻ የለውም። በቀላሉ ይሳላል፣ አፉም ይቆያል፣ ግን የነካውን ሁሉ ይቀበላል። አሲድ ያለበት ምግብ ሲነካው ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ያወጣል። ፈረንጆች ፓቲና ይሉታል። እኔ ወዝ እለዋለሁ። ይህ ጥቁር ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ቀዩን ዝገትም ያዘገየዋል፣ ጨርሶ ባይከለክለውም። ቀዩ ግን ሌላ ነው። ያብጣል፣ ይፈረፈራል፣ ብረቱን እየሰረሰረ ይበላል። በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ጨርቁ ቀይ ቡኒ ከሆነ ዝገት ነው፣ እሱን አስለቅቁት። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ተዉት።

ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ውስጥ አንድ ቢላ የሚስል ሰው ጋ ሰጠሁት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እንደ መስተዋት አብለጭልጮ ጠበቀኝ። ልጁ በክፋት አልነበረም፣ ያሳመረልኝ መስሎት ነው። ቃል አጣሁ፣ ከፍዬ ሄድኩ። ቤት ደርሼ ሳየው ደግሞ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ፣ ግን የሥጋው ሰማያዊ አይደለም። ይህኛው ብረቱ ግራይንደር ላይ ያለ ውሃ ግሎ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚያወጣው ነው፣ ያን ጊዜ ጥንካሬውን ያጣል፣ ቢሳልም አፉ አይቆምም። ውሃ እያጠጣሁ በድንጋይ ሞርጄ ሞርጄ የተቃጠለውን ጨረስኩት። ጫፏ አሁን አጥራለች።

ወዙን በአቼቶ መመለስ ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ። ስለቱን በሳሙና አጥቤ ቅባቱን አስለቀቅሁ፣ ሞቅ ያለ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጠቀለልኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ግራጫ ሆነ። ረስታችሁት እንዳትሄዱ፣ አሲዱ አፉን ይበላዋል። ግን ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው፣ ቀለም የተቀባ ይመስላል። እንደ እኔ ዝም ብሎ መሥራት ይሻላል። የመጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርቱን ያጠቁራል፣ ሎሚው ብረት ብረት ይላል። ወዙ ሲይዝ ያ ይቀንሳል።

የፈረንጅ ሰንጢ ብቻ እንዲህ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ቀጥቃጮቻችን ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላም ክሮሚየሙ በጣም ጥቂት ስለሆነ እንደዚሁ ይጠቁራል። እናቴ እንዲህ ዓይነት ቢላዋን በሽቦ ስትፈትግ አይቼ አላውቅም። አጥባ፣ አድርቃ፣ ከምድጃው በላይ ትሰካዋለች። በቃ።

ክረምት ላይ ግን መጠንቀቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የእኔው ሰንጢ እጀታ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ስለቱ ታግሎ ነው የሚወጣው። እርጥቡን አጥፎ ኪስ መክተት ትልቁ ጥፋት ነው፣ ቀዩ ዝገት የሚጀምረው መታጠፊያው ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ አይታይም። የኑግ ዘይት አትቀቡት፣ ሲደርቅ ሙጫ ይሆናል። ቫዝሊን በስሱ ይበቃል፣ ምግብ ከመቁረጣችሁ በፊት ጠርጉት።

ስለዚህ ምክሩን አስተካክላችሁ፣ ቀዩንና ጥቁሩን ለይታችሁ ብታወጡልን። ለሚስል ሰው የምትሰጡም አፉን ብቻ፣ ገላውን አትንካብኝ ብላችሁ ስጡ። እኔ ሳልል ቀርቼ ነው። ፎቶ ካስፈለጋችሁ ሰንጢውን ይዤ እመጣለሁ። አፉ አካባቢ ያለው ግራጫ ተመልሷል። ለሰማያዊው ፋሲካን እየጠበቅሁ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር