ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፦ ከዓረብኛ ጣቢያ የሚቀዳ ዜና ከነባለቤቱ ይነገር

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከዓረብኛ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተተርጉሞ የሚቀርብ ዜና የጣቢያው ባለቤት ተጠቅሶ እንዲሰራጭ መመሪያ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

ከዓረብኛ ወደ አማርኛ ዜና በመተርጎም የምተዳደር ሰው ነኝ። ቋንቋውን የለመድኩት በጅዳ ሠርቼ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ በአሠሪዎቼ ሳሎን ውስጥ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሳይዘጋ ከሚውለው ቴሌቪዥን ነው። ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ በአንድ የአገር ውስጥ ጣቢያ በትርጉም ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ከአል-ዓረቢያ የቀዳሁትን የየመን ጦርነት ዜና ሳስረክብ ከጣቢያው ስም በፊት «በሳዑዲዎች ባለቤትነት የሚተዳደረው» የሚል ሐረግ ጨምሬበት ነበር። አዘጋጁ ሐረጉን ሰረዘና «ይህ ለአድማጭ ምን ይረባዋል?» አለኝ። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። አሁን ለእርስዎ የምጽፈው፣ ያቺን ሐረግ መሰረዝ በብዙ የዜና ክፍሎቻችን የተለመደ አሠራር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

አልጀዚራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ከዶሃ ሥርጭት ሲጀምር መነሻ ገንዘቡ የኳታር አሚር የነበሩት ሼክ ሐማድ ቢን ኸሊፋ የሰጡት 500 ሚሊዮን ሪያል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጋዜጠኞቹ ብዙዎቹ የመጡት በዚያው ዓመት ከተዘጋው የቢቢሲ ዓረብኛ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ያ ጣቢያ የተዘጋውም ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በማሳየቱ ገንዘቡን ይሸፍን የነበረው የሳዑዲዎች ኩባንያ እጁን ስለሰበሰበ ነው። እንግዲህ አልጀዚራ ራሱ የባለቤት ቁጣ ከበተናቸው ሰዎች የተሠራ ጣቢያ ነው ማለት ይቻላል። አል-ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2003 ዱባይ ላይ የተከፈተው ኤምቢሲ በሚባለው የሳዑዲዎች የቴሌቪዥን ኩባንያ ሥር ነው፤ የኤምቢሲ መሥራች ወሊድ አል-ኢብራሂም እህታቸው የንጉሥ ፋህድ ባለቤት የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በሳዑዲ መንግሥት ትእዛዝ በሪያድ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ተይዘው ከቆዩት ባለጸጎችም አንዱ ነበሩ። ስካይ ኒውስ ዓረቢያ የአቡ ዳቢ ገንዘብ አለበት፤ ቤይሩት ያለው አል-ማያዲን ደግሞ ልቡ ወደ ቴህራን ያደላ ነው።

ባለቤትነት ምን ያህል ይከብዳል ለሚል ሰው ግን የአል-ዓረብ ጣቢያ ዕጣ ከሁሉም ይበልጥ ያስረዳል። የሳዑዲው ልዑል አል-ወሊድ ቢን ጠላል በባሕሬን ያቋቋሙትና ሳዑዲያዊው ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂ ይመሩት የነበረው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 ሥርጭት ጀምሮ አንድ የባሕሬን ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በማነጋገሩ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ተዘጋ። ልዑልም ሆኖ፣ ገንዘብም ኖሮ፣ ጣቢያው የቆመበት መሬት ባለቤት ካልፈቀደ አይሆንም።

ከልምዴ እንደተረዳሁት የእነዚህ ጣቢያዎች አድልዎ ሐሰት በመናገር የሚገለጥበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው በዝምታና በቃል ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የካይሮንና የቤንጋዚን የተቃውሞ አደባባይ ሌት ተቀን ሲያሳይ የነበረው የአልጀዚራ ዓረብኛ ሥርጭት፣ የገልፍ ጎረቤት ወደሆነችው ባሕሬን ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ኳታር በሳዑዲ መሪነት የመን ውስጥ በሚዋጋው ጥምረት ውስጥ ሳለች ለዘመቻው ለስላሳ የነበረው የአልጀዚራ ዘገባም፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ ኳታርን ሲያገሉ በአንድ ጊዜ የሰላማዊ ሰዎችን ሞት ቆጣሪ ሆነ። ሟቾቹ ቀድሞም ነበሩ። አራቱ አገሮች በበኩላቸው ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ አልጀዚራ እንዲዘጋ የሚል ነበር፤ ጣቢያው የኳታር መንግሥት ክንድ መሆኑን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ነገሩ ወደ እኛ የሚደርሰው በዓባይ በኩል ነው። በዓረብኛ ዜና ውስጥ ግድባችን ብዙ ጊዜ በስሙ ብቻ አይጠራም፤ «አዝመት ሰድ አን-ነህዳ»፣ ማለትም «የሕዳሴ ግድብ ቀውስ» እየተባለ ይነሳል። ግብፅና ሱዳን «ደውለታይ አል-መሰብ» ማለትም ሁለቱ የታችኛው ተፋሰስ አገሮች በሚል የክብር ስያሜ ሲጠሩ፣ ውኃው የሚመነጭባት አገር ግን ብዙ ጊዜ የምትቀርበው በተከሳሽ ቦታ ነው። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀም በኋላ ይህ ቃል አልተለወጠም። ተርጓሚው በጥድፊያ «አዝመት» የሚለውን «ቀውስ» ብሎ ሲያሳልፈው የካይሮ ዓይን ሳይታወቅ በአማርኛ ይነበባል፤ እኔም ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። የዓረብ ሊግ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ግብፅንና ሱዳንን ለመደገፍ የተሰበሰቡት በዶሃ መሆኑን ያወቀ አድማጭ፣ ከዶሃ የሚመጣውን የግድቡን ዜና በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ይህን ዝምድና ከማንም በፊት ያውቅ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከኳታር ጋር የነበረውን የዲፕሎማሲ ግንኙነት ሲያቋርጥ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የኳታር መገናኛ ብዙኃን ያሰራጯቸው ዘገባዎች ይገኙባቸዋል። መንግሥት አልጀዚራን የኳታር ቃል አድርጎ ከቆጠረው፣ ተራው አድማጭ «አልጀዚራ እንደዘገበው» የሚለውን ባለቤት የሌለው ድምፅ አድርጎ እንዲሰማ የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም።

በስሕተት እንዲረዱኝ አልፈልግምና ግልጽ ላድርግ፤ ማንም ጣቢያ እንዲታገድ አልጠይቅም፤ ሲታገድ የሚጎዳው ተመልካቹ ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች ውስጥ ሕይወታቸውን ለሙያው የሰጡ ጋዜጠኞች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 ጄኒን ላይ የተገደሉት የአልጀዚራዋ ሺሪን አቡ አቅላ አንዷ ናቸው። ደግሞም ባለቤቱ መንግሥት የሆነ ጣቢያ ለባለቤቱ እንደሚያደላ ለማወቅ ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። ልዩነቱ የአገር ውስጡ ተመልካች ባለቤቱን አውቆ የሚያዳምጥ መሆኑ ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ለሰጣቸው ጣቢያዎች በሚያወጣው መመሪያ ላይ፣ ከዓረብኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚቀዳ ዜና መጀመሪያ ሲጠቀስ «በኳታር መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው»፣ «በሳዑዲዎች ባለቤትነት የሚተዳደረው» የመሰለ አንድ ሐረግ እንዲጨመር፣ ዜናው ስለ ራሱ ባለቤት አገር ከሆነ ደግሞ ከሁለተኛ ጣቢያ ጋር ተነጻጽሮ እንዲቀርብ እንዲያሳስብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከአልጀዚራ እንግሊዝኛ ሥርጭት የወሰደውን ዜና የዓረብኛው አድርጎ የሚያቀርብ አዘጋጅም ሁለቱ በአንድ ቤት የሚኖሩ ግን የተለያየ ቋንቋና የተለያየ አድማጭ ያላቸው መሆናቸውን እንዲለይ ቢደረግ መልካም ነው። ባለፉት ዓመታት የተረጎምኳቸውን ጽሑፎች፣ የተሰረዙትን ሐረጎች ጨምሮ፣ አስቀምጫለሁ፤ መሥሪያ ቤቱ ቀጠሮ ቢሰጠኝ ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዓረብኛ ዜና ተርጓሚ
አዲስ አበባ