ከጋርዴዝ ለአባቴ

ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.
ጋርዴዝ፣ አፍጋኒስታን

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «አማካሪ ማለት ምን የሚሠራ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። የአሜሪካን ጦር ልብስ ብለብስም እዚህ የተላክሁት ለውጊያ አይደለም። የአፍጋን ጦር ንብረት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዕቃ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ እንዴት ወጪ እንደሚሆን፣ መዝገቡ እንዴት እንደሚያዝ አማክራለሁ። እርስዎ በገቢው ሞዴል 19፣ በመጠየቂያው ሞዴል 20 እና በወጪው ሞዴል 22 ዕድሜዎን የጨረሱበት ሥራ ነው። የነሱ መጠየቂያ ቅጽ 14 ይባላል። ቀኑ እንኳን ያደክማል፤ እነሱ 1391 ብለው ይጽፋሉ፣ የእኔ ሪፖርት 2012 ይላል፣ ለእናንተ ስጽፍ ደግሞ 2005።

ጋርዴዝ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ ብርዷ ግን ሌላ ነው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል። ለአንድ ሻለቃ የእንጨት ምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ ገና በመስከረም ጠይቀን ነበር። ወረቀቱ ከፈራሚ ፈራሚ ሲዞር ከርሞ ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ተመለሰ። ቱቦው እኮ እዚሁ ግቢ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ግምጃ ቤት ያዡ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውል ሽበታም ሰው ነው። በአስተርጓሚው በኩል ብለምነው «ዛሬ ባወጣ ነገ ማን ይተካልኛል?» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። ስንት መንግሥት ሲፈርስ ያየ ሰው ነው፤ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የእኛው ሥራ ነው። ብርዱ ሲጠና በእኛ በኩል ተገዝቶ ይሰጣቸዋል። ወታደሩ ሞቀው፣ እሰየው፤ እኔም በብርድ ይለቁ የምል ጨካኝ አይደለሁም። ግን ቅጽ 14 ጠረጴዛ ላይ ይቀራል፣ ለከርሞም የሚሞላው አይኖርም። በፈረንጆች 2014 መጨረሻ ውጊያውን ለነሱ አስረክበን እንወጣለን ተብሏል። ያን ጊዜ ማንን ሊጠይቁ ነው? እኔ ራሴ ከዚያ አስቀድሜ እቀየራለሁ፤ የሚተካኝም ከስም መተዋወቅ ይጀምራል።

ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አያንብቡላት። በዚህ የፈረንጆች ዓመት ብቻ የአፍጋን ዩኒፎርም በለበሱ ሰዎች እጅ ከ50 በላይ የውጭ ወታደሮች ተገድለዋል። ስለዚህ ከግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ጋር ሻይ ስንጠጣ አንድ ጓዴ መሣሪያውን አጉርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ሽማግሌው ያውቃል። መጀመሪያ ለእኔ ይቀዳል፣ ከዚያ ተነሥቶ ለቆመው ልጅ በሁለት እጁ ብርጭቆ ያቀብላል። ልጁ ግን እጁን ከጠመንጃው ስለማያነሣ ሻዩ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ሰውየውን እንደ ገዳይ እየጠበቅሁት እመነኝና ቱቦውን አውጣ ማለት ከብዶኛል።

አሁን አንድ ነገር ይጻፉልኝ። መጋዘን ሳሉ በዓመት ቆጠራ ከመዝገብ በላይ ዕቃ የተገኘበት ሰው ይጠየቅ ነበር ወይስ የጎደለበት ብቻ? እዚህ ማንም የሚፈራው ጉድለትን ነው፤ ትርፍ ይዞ መቀመጥ አያስጠይቅም። ጥያቄው ያልተመለሰለት ክፍል እያለ ዕቃ ያከማቸ ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ የሚል ሐሳብ ለአፍጋኑ ኮሎኔል ላቀርብ ነው። የእናንተን አሠራር በዝርዝር ካገኘሁ ይሰማኛል ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የድሮ ሰው ነው፣ የኖረበትን ሰው ምክር ያከብራል።

ለመድኃኒት የላክሁት ገንዘብ መድረሱን አብረው ይጻፉልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ