ፈቃዱ በእህቴ ስም ይውጣ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። የትንሿ እህቴ የእንጀራ ማከፋፈያ የንግድ ፈቃድ በወንድሜ ስም ይውጣ ያልሽው ለእሷ አስበሽ ነው፤ ወንድ ከፊት ሲቆም ወረዳም ግብር ቢሮም አያመላልሷትም ብለሽ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋገሪያዬን ስከፍት እርሾውም አብሲቱም አልከበደኝም፤ እሱን ካንቺ ተምሬያለሁ። ጤፍም ቢሆን አይዳሆ ይበቅላል። የከበደኝ ወረቀቱ ነው። አሜሪካ ክሬዲት፣ ማለትም ብድር ወስዶ በወቅቱ የመክፈል ታሪክ፣ የሌለው ሰው በቀላሉ ብድር አያገኝም፤ ክሬዲት ደግሞ የሚጠራቀመው በየስም ነው። ስንቷ ያገሬ ልጅ ከባሏ እኩል ሌት ተቀን ሠርታ፣ የሱቁ ውልም ብድሩም በእሱ ስም ብቻ ይሆናል። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ባንኩ እሷን አያውቃትም። ባሏ የሞተባት አንዲት ደንበኛዬ፣ ራሷ ያቆመችውን ሱቅ ውል ወደ ስሟ ማዞር አቅቷት አልቅሳብኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹን የምሰበስበው ለዚህ ነው። ድርጅት በስም ማስመዝገብ፣ የግብር ቁጥር ማውጣት፣ ለብቻ ሒሳብ መክፈት፤ ፎርሙን አብረን እንሞላለን። ዕቁብም አለን። መነሻ ይሆናል፣ ግን ባንክ ዕቁብ አይቶ አያበድርም፤ ስለዚህ ዕጣ የደረሳት ሁሉ ብሩን በራሷ የንግድ ሒሳብ እንድታስገባ እሟገታለሁ።

የሐበሻ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። በዚህ አገር እንኳ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ ስቴቶች ለንግድ የምትበደር ሴት ወንድ ዘመድ እንዲፈርምላት ትጠየቅ ነበር፤ ነጋዴ ሴቶች ኮንግረስ ድረስ ተሟግተው በሕግ አስቀሩት። የእኛም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደርግ ነበር። ያ የተሻረው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። አንቺ ያገባሽውም እኛን ያሳደግሽውም በአሮጌው ሕግ ነበር። ለሆቴሎች ጋግረሽ ያሠራሽው ቤት ካርታ ላይ ስምሽ የለም። አባዬ ሲያርፍ የገዛ ቤትሽን ለማግኘት ፍርድ ቤት የተመላለስሽው ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች የመሠረቱት እናት ባንክ እንኳ ሥራ ከጀመረ ከ2005 ወዲህ ስንት ዓመቱ! ነገ ትንሿ ለማስፋፊያ ብድር ብትጠይቅ፣ ፈቃዱ የወንድሟ ከሆነ ምኗን ይዛ ትቀርባለች?

ወንድሜ አይከፋው። ጤፉን ያስፈጭላት፣ እንጀራውን ያድርስላት፣ ደመወዙንም ከእህቱ ይቀበል። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ፈቃዷና ቲን ነምበሯ እንደወጣ የምጣዶቹን ዋጋ በእሷ ሒሳብ አስገባለሁ፤ በሌላ ሰው ሒሳብ ግን አልልክም፣ እማዬ፣ አትቀየሚኝ።

የደም ግፊት ኪኒንሽን አታቋርጪ።

የምትወድሽ ልጅሽ